ከሲኒው ስኳር እስከ ጅሬን ዳገት
ካርቦሃይድሬትን ቀንሶ ክብደት መቀነስና ወደ እንቅስቃሴ መመለስ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች

የሰው ክብደት በሚዛን ላይ አንድ ቁጥር ሆኖ ቢነበብም፣ ያ ቁጥር የስብ፣ የጡንቻ፣ የአጥንትና የውኃ ድምር በመሆኑ፣ ቀነሰ ሲባል ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደ ቀነሰ በራሱ አይናገርም። ስቡ የቀለለለት ሰውና ጡንቻው የሟሸሸበት ሰው በሚዛን ፊት እኩል ናቸው፤ በጤና ፊት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ይህን ልዩነት ከመሠረቱ ለመረዳት ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በጅማ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዴንማርኩ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲና ከለንደን ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 በከተማዋ የተወለዱ ሕፃናትን በጥናቱ አቅፈው፣ ሕፃኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚተኛበትንና ሰውነቱ የያዘውን ቦታ በአየር አማካይነት የሚለካውን መሣሪያ ተጠቅመው፣ የእያንዳንዱን ሕፃን ስብና ከስብ ውጭ ያለውን የሰውነቱን ክፍል ለይተው መዝግበዋል፤ ከአምስት መቶ የሚበልጡትንም በልጅነት ዕድሜያቸው ተከታትለዋል። የጥናቱ መነሻ ሐሳብ ለዐዋቂዎችም ይሠራል፤ መጠየቅ ያለበት «ስንት ኪሎ?» ብቻ ሳይሆን «የምን ኪሎ?» ጭምር ነውና።

ካርቦሃይድሬትን በመቀነስ ክብደት ለመቀነስ የሚነሣ ሰው ይህን ጥያቄ ካልያዘ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በውኃ መቀነስ ሊደሰት፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ጡንቻውን አጥቶ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የሚያስተሳስር ነው፦ በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቡና ከተሞች በቅድሚያ ሊቀነስ የሚገባው ስኳሩና የቡና ቁርሱ እንጂ ገበታው በሙሉ አለመሆኑ፣ የተቀነሰውም ክብደት ስብ እንዲሆን የሚያደርገው ቀስ በቀስ የሚጀመር እንቅስቃሴ መሆኑ ነው።

ሁለት ገጽታ ያለው ችግር

በኢትዮጵያ የክብደት ጉዳይ ሲነሣ፣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አገሪቱ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን በአንድ ጊዜ የተሸከመች መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጫጮች ሲሆኑ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራቸው። ይህ 8 በመቶ የተባለው አሐዝ በውስጡ ትልቅ ልዩነት ደብቋል፤ በገጠር 4 በመቶ የነበረው በከተማ 21 በመቶ ደርሷልና። እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናትም ከፍተኛ የደም ግፊት ከስድስት ዐዋቂዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል። ከእነዚህ አሐዞች የሚወጣው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ምግብ መቀነስ ለሁሉም የሚታዘዝ መድኃኒት አለመሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ገጠርንና ከተማን የሚለየው መስመር ክብደትንም የሚለይ መሆኑ ነው።

ይህ መስመር በጅማ ዞን በግልጽ ይታያል። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙና በጌራ ገጠሮች ቡና የሚያመርተው ገበሬና ቤተሰቡ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ቀዩን ፍሬ ሲለቅሙ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ፣ ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ሸክም ሲያመላልሱ ይውላሉ። በአጋሮና በጅማ ከተማ ግን ያንኑ ቡና የሚገዛው ነጋዴ በመጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ከጠረጴዛው አይነሣም፣ ድሮ በእግር ይኬድ የነበረውንም መንገድ ዛሬ ባጃጅ በደቂቃዎች ያደርሳል። ሥራው ሲለወጥ ገበታው ግን አልተለወጠም፤ ለሸክምና ለቁፋሮ ጉልበት እንዲሆን የተሰናዳው እንጀራ፣ ገንፎና የበቆሎ ቂጣ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውለው ሰው በዚያው መጠን ይቀርባል፤ በላዩም የገጠሩ ገበሬ ያልለመደው የለስላሳ መጠጥና የስኳር ብዛት ተጨምሮበታል።

ካርቦሃይድሬት በሰውነት ውስጥ

በትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ» እየተባለ የሚታወቀው ካርቦሃይድሬት፣ በእህል፣ በሥራሥር፣ በፍራፍሬና በስኳር ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ግሉኮስ ወደ ተባለው ቀላል ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። የደሙ ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም ስኳሩ ወደ ሕዋሳት እንዲገባና የተረፈው እንዲጠራቀም ያደርጋል። የመጀመሪያው ማጠራቀሚያ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን የተባለ ክምችት ነው፤ ይህ ክምችት በአንድ ዐዋቂ ሰው ውስጥ 500 ግራም ያህል ብቻ የሚይዝ ጎተራ በመሆኑ፣ ጎተራው ሞልቶ የሚተርፈው ኃይል ወደ ስብነት ወይም በስብ ምትክ ወደ መቃጠል ይሄዳል፤ የስብ ማጠራቀሚያው ደግሞ በቀላሉ የሚሞላ አይደለም።

ካርቦሃይድሬት በድንገት ሲቀነስ በቅድሚያ የሚራገፈው ይህ የግላይኮጅን ጎተራ ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮት ስለሚይዝ፣ ጎተራው ሲጎድል ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ቀንሶ የሚታየውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ያየ ይመስለዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የስብ መቀነስ ግን በባሕርዩ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል የያዘ በመሆኑ፣ በቀን 500 ካሎሪ ያጎደለ ሰው አንድ ኪሎ ስብ ለመቀነስ ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል።

የባለሙያዎች አከፋፈል በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት የሚወሰድበትን አመጋገብ «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት»፣ ከ50 ግራም በታች የሚወሰድበትን ደግሞ «ኪቶጄኒክ» ይለዋል፤ የኋለኛው ስያሜ የመጣው፣ ጉበት ስብን ሰባብሮ ኪቶን የተባለ ምትክ ነዳጅ ለአንጎልና ለጡንቻ እንዲያቀርብ ስለሚያስገድደው ነው። ከ100 ግራም የጤፍ ወይም የበቆሎ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት በመሆኑ፣ ከ200 ግራም ዱቄት የተጋገረ የቀን እንጀራ ብቻውን የ130 ግራሙን ጣሪያ ያልፋል። እንጀራ ለሚበላ ሕዝብ ኪቶጄኒክ አመጋገብ ማለት እንጀራን መቀነስ ሳይሆን ከገበታ ማስወጣት ማለት መሆኑ ከዚህ ስሌት በግልጽ ይታያል።

ጥናቶች የሚሉት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ነዋሪ በሐኪሙ ምክር ዳቦን፣ ስኳርንና ድንችን ትቶ የቀነሰበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1863 በታተመ አነስተኛ ጽሑፍ ለሕዝብ አሠራጭቷል። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ኪቶጄኒክ አመጋገብ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ሕክምና ሆኖ ቀርቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ የዶክተር ሮበርት አትኪንስ መጽሐፍ ሐሳቡን በዓለም ላይ አዳርሶታል።

የሳይንሱን ክርክር ያረጋጋው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። 609 ዐዋቂዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ስብን፣ ገሚሶቹ ካርቦሃይድሬትን ለ12 ወራት እንዲቀንሱ ተደርጎ፣ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ በሁለቱ መካከል የታየውም ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን እንደ ልዩነት የሚቆጠር አልነበረም። የጥናቱ ፍሬ ነገር ሁለቱም ወገኖች በጋራ በታዘዙት ነገር ላይ ነው፤ የተጨመረ ስኳርንና የተፈተገ ነጭ ዱቄትን እንዲተዉ፣ አትክልትን እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ደግሞ የእንቅስቃሴን ድርሻ አሳይቷል፤ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተነሡት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ ብቻ ቀንሶላቸዋል።

ስለዚህ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ለብዙዎች የሚሠራ፣ ግን ብቸኛ ያልሆነ መንገድ ነው። ጥቅሙ በአብዛኛው ረሃብን ከመግታቱ የሚመነጭ ሲሆን፣ ፕሮቲንና ስብ ከስኳርና ከነጭ ዱቄት ይልቅ ለረጅም ጊዜ አጥግበው ያቆያሉ። ዋናው መለኪያ ሰውየው ያን አመጋገብ በዓመቱም ይዞት መገኘቱ ነው።

የጅማ ሲኒና የጅማ ገበታ

በቡና አገር የስኳር ሒሳብ የሚጀምረው ከሲኒው ነው። ቡና በራሱ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በአቦሉ፣ በቶናውና በበረካው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው፣ በአንድ ጊዜ የቡና ሥነ ሥርዓት 24 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል ብሎ ያመለከተው የቀን መጠን 25 ግራም ያህል በመሆኑ፣ የጠዋቱ ቡና ብቻውን ይህን ልክ ይሞላዋል፤ የከሰዓቱ ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። ያ 24 ግራም ስኳር የያዘውን ኃይል ለማቃጠል 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል መራመድ አለበት። በስኳሩ ላይ ዳቦው፣ ንፍሮውና ቆሎው የቡና ቁርስ ሆነው ሲታከሉ፣ ቡናው ራሱን የቻለ ሌላ ምግብ ይሆናል፤ ሰው ግን እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

መፍትሔው ቡናን መተው አይደለም፤ ጎረቤት የሚጠራራበትን፣ የሚመካከርበትንና የሚጽናናበትን ሥርዓት ከኑሮ ማውጣት ለማንም አይበጅም። ስኳሩን ግን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይላመዳል። በብዙ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ቡና በጨው፣ አንዳንዴም በቅቤ ይጠጣ እንደ ነበረና ዛሬም እንደሚጠጣ ማስታወስ፣ ስኳር ለቡና የግድ አለመሆኑን ያሳያል። ሆኖም አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በየሲኒው ቅቤ መጨመር ክብደት ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ የደም ግፊት ያለበት ሰውም ጨውን መቆጠብ ይኖርበታል።

በገበታው ላይ ጅማ ብዙ አማራጭ አላት። በየጓሮው የሚበቅለው አቮካዶ በ100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህል ስብ ሲኖረው፣ ከያዘው ጥቂት ካርቦሃይድሬት አብዛኛው የማይፈጨው አሰር ነው፤ በየጭማቂ ቤቱ ስኳርና ጣፋጭ ሽሮፕ ተጨምሮበት በብርጭቆ ሲቀርብ ግን ይህ በረከት ወደ ጣፋጭ መጠጥነት ይለወጣል። ጎመን፣ እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ ካርቦሃይድሬታቸው አነስተኛ ነው። በእንሰት አካባቢ የሚዘወተረው ቆጮ በአብዛኛው ስታርች በመሆኑ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ጎደሬም እንዲሁ። ማርም የቱንም ያህል የደን ማር ቢሆን፣ በሰውነት ውስጥ የሚቆጠረው ከስኳር ወገን ነው።

በተግባር ሲታይ፣ ብዙ ሰው ሊዘልቅበት የሚችለው መንገድ የእንጀራውን መጠን በግማሽ ቀንሶ የወጡን፣ የጎመኑንና የአይቡን መጠን ማሳደግ ነው። የጤፍ እንጀራ ብረት፣ አሰርና ፕሮቲን ያለው ምግብ በመሆኑ፣ ከስኳር፣ ከነጭ ዳቦና ከፓስታ ጋር እኩል ተወቅሶ ከቤት መባረር አይገባውም። ይህ አካሄድ ኪስንም ያገናዝባል፤ ሥጋና ቅቤ ውድ በሆኑበት ጊዜ፣ ስኳሩን መተው ወጪ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለምና።

ጾም፣ ረመዳንና ጫት

በኦርቶዶክሳውያን የጾም ወራት ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ ስለማይበሉ፣ ካርቦሃይድሬትን በእጅጉ መቀነስ ይከብዳል፤ የፕሮቲኑ ምንጭ የሆኑት ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ራሳቸው ካርቦሃይድሬት ይይዛሉና። ይሁን እንጂ የእነርሱ ካርቦሃይድሬት ከአሰርና ከፕሮቲን ጋር ስለሚመጣ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ስለዚህ በጾም ወቅት የሚመከረው ሽሮውንና ምስሩን አጥብቆ ይዞ እንጀራውን መቀነስ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ለውዝና አቮካዶ መጨመር ነው። የጅማ ዞን ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ረመዳን ትልቅ ቦታ አለው፤ ቀኑን የጾመ ሰው ማፍጠሪያውን በቴምርና በውኃ ከፍቶ፣ ከሾርባው በኋላ በዘይት የተጠበሰውን ሳምቡሳና የተበጠበጠውን ጣፋጭ መጠጥ ገታ ቢያደርግ፣ በሱሑርም እንቁላልና እርጎ ቢጨምር፣ ወሩ ክብደት የሚጨመርበት ሳይሆን የሚስተካከልበት ይሆናል።

ጫትም በጅማ ኑሮ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ክብደት ለመቀነስ የሚረዳ ይመስላል፤ ነገር ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ብዙውን ጊዜም ከስኳር ሻይና ከለስላሳ ጋር ስለሚቃም የተዘጋው ረሃብ በስኳር ይካካሳል። በምርቃና ውስጥ ሆኖ ከባድ እንቅስቃሴ ማድረግ ልብን በሁለት ወገን ማስጨነቅ ነው።

ወደ እንቅስቃሴ መመለስ

በወጣትነታቸው ኳስ ይጫወቱ የነበሩ፣ በኋላ ግን ሥራና ኑሮ ከሜዳው ያራቃቸው ሰዎች ወደ እንቅስቃሴ ሲመለሱ የሚፈጽሙት ዋና ስሕተት፣ አእምሯቸው ከሚያስታውሰው ፍጥነት መጀመራቸው ነው። የልብና የሳንባ ብቃት እንቅስቃሴ ከቆመ በኋላ በሳምንታት ውስጥ መውረድ የሚጀምር ሲሆን፣ ጅማትና መገጣጠሚያም ጭነትን ለመልመድ ከጡንቻ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከዓመታት ዕረፍት በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት ሙሉ ጨዋታ የሚገጥም ሰው ጉዳትን የሚጋብዘው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው፣ ሰው እየሄደ መነጋገር የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የማይችልበት ፍጥነት ነው። ጀማሪው በቀን አሥር ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ወደ 150 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ከባጃጅ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ፣ ከሥራ በኋላ በእግር ወደ ቤት መመለስ ለዚህ ይበቃል። ሶምሶማውና ዳገቱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ጡንቻን ለማጠንከር ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ከበርጩማ ላይ እጅን ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በእጅ እየገፉ መመለስ፣ ቀስ በቀስም መሬት ላይ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ደረጃ መውጣት ይበቃሉ፤ እነዚህም በክረምቱ ዝናብ ጊዜ በቤት ውስጥ፣ በአደባባይ መሮጥ ለማይመቻት ሴትም በግቢዋ ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ይህ ክፍል ሊዘለል የማይገባው፣ ምግብ የቀነሰ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ስለሚያቃጥል ነው፤ ጡንቻው «እፈለጋለሁ» የሚል መልእክት የሚያገኘው ሲሠራበትና በቂ ፕሮቲን ሲቀርብለት ብቻ ነው።

የአመጋገቡንና የእንቅስቃሴውን ለውጥ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀን አለመጀመር ብልህነት ነው። ካርቦሃይድሬት በተቀነሰበት የመጀመሪያ ሳምንት ውኃና ጨው ከሰውነት ስለሚወጡ ራስ ምታት፣ ድካምና ማዞር ሊኖር ይችላል፤ የግላይኮጅኑ ጎተራ ስለጎደለም ሩጫና ኳስ የመሰለ ፈጣን እንቅስቃሴ ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስኳርን ለመቀነስና ለመራመድ፣ ቀጥሎ ያሉትን እንጀራውን ለማሳነስና የጡንቻ ሥራ ለመጀመር ማዋል ይሻላል። ከሥራው በኋላ በአንድና በሦስት ቀን መካከል የሚሰማው የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው፤ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ግን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ያለ ሐኪም የማይጀመርላቸው

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን ቀንሶ መድኃኒቱን እንደ ነበረ ቢቀጥል፣ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት የዚህ ምልክቶች ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ክብደቱ ሲቀንስ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች እንዲህ ያለውን አመጋገብ በራሳቸው ፈቃድ መጀመር የለባቸውም። ከሁሉ በላይ፣ ከሚገባው በታች ክብደት ያለው ሰው የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ እንጂ የሚቀነስ አይደለም።

ለሌላው ግን ግቡ ቅርብ ነው። ከክብደት 5 በመቶ ያህል መቀነስ፣ ማለትም 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 4 ኪሎ፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ለማሻሻል ይበቃል። ለውጡን ለመከታተልም ከሚዛኑ ጎን የልብስ ሰፊ ሜትር ይጨመር፤ የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ በሆድ ውስጥ የተከማቸው ስብ የጤና ሥጋት መሆን ይጀምራልና። ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ ቢጠብ፣ ስብ ወጥቶ ጡንቻ እንደ ጸና ይታወቃል። ሁለተኛው መለኪያ ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ ቆሞ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን በሠሩበት በጅሬን ዳገት ላይ፣ በጥቅምት ሦስት ጊዜ ቆሞ ያረፈ ሰው በጥር ሳያርፍ ከወጣ፣ ምን ዓይነት ኪሎ እንደ ቀነሰ ከእግሮቹና ከትንፋሹ ያውቀዋል።